የአከርካሪ አጥንት ስብራት፤ መንስኤው፣ ምርመራውና ሕክምናው



ጋይንትን፣ ስማዳንና እስቴን የሚያውቅ ሰው ይህን ርዕስ ለምን እንደ መረጥሁት ለመረዳት አይቸገርም። ከጉና ተዳፋት እስከ በሽሎና ዓባይ ሸለቆ የሚወርደው አገር ገደል የበዛበት ነው። ከብት ሲመልስ ከአፋፍ የሚወድቅ እረኛ፣ ቅርንጫፍ ሲቆርጥ ከዛፍ የሚወድቅ ገበሬ፣ በጭነት መኪና ተሳፍሮ የሚገለበጥ ገበያተኛ፣ ሁሉም ለዚህ ጉዳት የተጋለጡ ናቸው።

አከርካሪ በ24 ተንቀሳቃሽ አጥንቶች የተደረደረ ዓምድ ነው፤ በውስጡም ከአንጎል የሚወርደው የነርቭ ገመድ፣ ሕብለ ሰረሰር፣ ያልፋል። ከከፍታ ወድቆ በእግሩ ወይም በመቀመጫው ያረፈ ሰው ብዙ ጊዜ የሚሰበረው ደረትና ወገብ በሚጋጠሙበት ስፍራ ነው፤ በጎድን አጥንት የታሰረው ግትር ክፍል ከሚተጣጠፈው ወገብ የሚገናኘው እዚያ ነውና። ስለዚህም ከከፍታ ወድቆ ተረከዙ የተሰበረ ሰው ወገቡም መመርመር አለበት።

አጥንቱ ተሰበረ ማለት ሕብለ ሰረሰሩ ተጎዳ ማለት አይደለም። እኔን ከሁሉ ይልቅ የሚያሳስበኝ ከውድቀቱ በኋላ ያለው ሰዓት ነው። ጎረቤት በቅን ልቡና ደርሶ በብብቱ ይዞ ያስቀምጠዋል፤ በበቅሎ ይጭነዋል፤ ወጌሻ ጠርቶ ያሳሸዋል። የላላው አጥንት ያን ጊዜ ተንሸራቶ ገመዱን ይጨፈልቀዋል፤ እግሩን ያንቀሳቅስ የነበረው ሰው ሽባ ሊሆን ይችላል። ወጌሻን ማንኳሰሴ አይደለም፤ አከርካሪ ግን አይታሽም። ራሱ፣ ወገቡና እግሩ ሳይጣመሙ አራት ሰዎች ባንድ ትእዛዝ እንደ ግንድ አገላብጠው በጠፍጣፋ ነገር ላይ ያስተኙት፤ ጣውላ ወይም የተነቀለ በር ይበቃል። ሕመምተኛን በቃሬዛ ተሸክሞ ረጅም መንገድ መጓዝ እኮ የዚህ አገር ሰው የቆየ ልማድ ነው፤ የሚጎድለው የአነሣሡ ጥንቃቄ ብቻ ነው።

ሐኪሙ አስቀድሞ የጣቶቹን እንቅስቃሴ፣ የቆዳውን ስሜትና የሽንቱን ሁኔታ ያያል። ራጅ የአጥንቱን ቅርጽ፣ ሲቲ ስካን የስብራቱን ዝርዝር፣ ኤምአርአይ ደግሞ የሕብለ ሰረሰሩን ጉዳት ያሳያል። የረጋ ስብራት በማስታገሻና በወገብ መደገፊያ ይድናል፤ ያልረጋው ወይም ገመዱን የተጫነው በብረትና በብሎን የሚያያዝበት ቀዶ ሕክምና ሊያሻው ይችላል። ሽባ የሆነውን በየ2 ሰዓቱ ማገላበጥ ግድ ነው፤ የአልጋ ቁስልና የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ሕይወት ይቀጥፋሉና።

አንድ ነገር ልጨምር። ሳይወድቅም አከርካሪው የሚሰበር አለ። አጥንታቸው የሳሳ አሮጊቶች እንስራ ሲያነሡ ይሰበራሉ። ወራት በቆየ የጀርባ ሕመም፣ በሌሊት ላብና በክሳት ተይዞ ጀርባው እየጎበጠ የሚሄድ ወጣት ደግሞ የአከርካሪ ሳንባ ነቀርሳ ሊኖርበት ይችላል። ይህ በመድኃኒት የሚድን በሽታ ነው፤ መድኃኒቱም በመንግሥት ጤና ተቋማት በነፃ ይሰጣል።