ተጨማሪ መረጃ፦ ፊደላችሁ ከፋይላችሁ ጋር እንዲሄድ

በአርብ ገበያ ከተማ ሆናችሁ ስለ ጋይንት ቤተልሔም፥ የድጓ ዜማ መምህራን ስለሚያስመሰክሩበት ስለዚያ ጥንታዊ ደብር፥ በፓወርፖይንት ያዘጋጃችሁትን ገለጻ በፍላሽ ይዛችሁ በሌላ ኮምፒውተር ብትከፍቱት፥ የደከማችሁበት ጽሑፍ ሁሉ ባዶ ሣጥን ሆኖ ሊታያችሁ ይችላል። አትደንግጡ፤ ጽሑፉ አልጠፋም።

ፋይሉ በውስጡ የሚያኖረው የፊደሉን መልክ ሳይሆን ቁጥሩን ነው። የዓለምን ጽሕፈት በቁጥር የሚመዘግበው ዩኒኮድ የተባለው ሥርዓት በ1999 እ.ኤ.አ. የግእዝን ፊደል በተቀበለ ጊዜ፥ ለ«ሀ» 4608፥ ለ«ሁ» 4609 እያለ ለእያንዳንዱ ሆሄ የራሱን ቁጥር ደልድሎለታል፤ ለቁጥሩ መልክ የሚሰጠው ግን ፎንት፥ ማለትም በኮምፒውተሩ ላይ የተጫነው የሆሄያት ቅርጽ ስብስብ ስለ ሆነ፥ የግእዝ ፎንት በሌለበት መሣሪያ ቁጥሩ ሥጋ እንዳልለበሰች ነፍስ ሆኖ ይቀራል።

መፍትሔው በፓወርፖይንት «ፋይል» ሜኑ ውስጥ ይገኛል። «ኦፕሽንስ»ን፥ ቀጥሎም «ሴቭ»ን ከፍታችሁ፥ በግርጌው «ኢምቤድ ፎንትስ ኢን ዘ ፋይል» ከሚለው ትእዛዝ ፊት ምልክት አድርጉ፤ ፎንቱን ከፋይሉ ጋር አዋሕዶ ያስቀምጠዋል። ከሥሩ ካሉት ሁለት ምርጫዎች ሁሉንም ሆሄያት የሚያካትተው ፋይሉን ቢያገዝፈውም፥ ባልንጀራችሁ ጽሑፉን በራሱ ኮምፒውተር ለማረም ስለሚያስችለው ይበልጣል። ባለቤቱ እንዲህ እንዲዋሐድ ያልፈቀደው ፎንትም አለና፥ ገለጻችሁን በጉባኤ ፊት ከማቅረባችሁ አስቀድሞ በሌላ ኮምፒውተር ከፍታችሁ ፈትኑት።