ያውቁ ኖሯል? ከንጉሡ ባንድ እስከ ብሔራዊ መዝሙር

♦ የስኮትላንድ ጦር የከረጢት ዋሽንት ነፊዎች ከሰልፈኛው ፊት እየሄዱ ይነፋሉ፤ አንዳንዶቹም የማርሽ ዜማ ይደርሳሉ፣ ወጣቶችንም ያስተምራሉ። በአገራችን ባንድ መምራትን፣ ዜማ መድረስንና ማስተማርን አጣምረው ከያዙት አንዱ የባንድ መምህሩ ሙሴ ኬቮርክ ናልባንዲያን ነበሩ።

♦ የናስ መሣሪያ ግን ከእርሳቸው በፊት ገብቷል። ከዐድዋ ድል በኋላ የሩሲያው ንጉሥ ኒኮላይ 2ኛ ለዐፄ ምኒልክ የትንፋሽ መሣሪያዎችን በስጦታ ልከዋል።

♦ ራስ ተፈሪ መኮንን በ1916 ዓ.ም. ኢየሩሳሌምን ሲጎበኙ በአርመን ገዳም የሚያድጉ ወላጅ አልባ ልጆች ሙዚቃ ሲጫወቱ ሰሙ። 40 ልጆችን ወደ ኢትዮጵያ አስመጡ፤ ጳጉሜን 1 ቀን አዲስ አበባ ገቡ። «አርባ ልጆች» የተባሉት እነዚህ ናቸው፤ መምህራቸውም ኬቮርክ ነበሩ።

♦ የንጉሠ ነገሥቱን ዘመን ብሔራዊ መዝሙር ዜማ የደረሱት እኒሁ ሰው ናቸው፤ ግጥሙ የዮፍታሔ ንጉሤ ነው። መዝሙሩ ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. በተፈጸመው የዐፄ ኃይለ ሥላሴ ንግሥ ላይ ተሰምቷል፤ እስከ አብዮቱም አገልግሏል።

♦ የኬቮርክ የወንድም ልጅ ነርሲስ ናልባንዲያን ሙያውን ተረክበው በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር ሠሩ፤ በያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤትም አስተማሩ።

♦ የኅብረት ትንፋሽ በደቡባችንም የቆየ ጥበብ ነው። ከወላይታ በኦሞ ማዶ በዳውሮ፣ ዲንካ የተባሉ ረጃጅም መሣሪያዎች በቡድን ይነፋሉ። የባንድ መምህራንን ስናከብር፣ የዲንካ ነፊዎችንም ሙያ ለልጆቻችን ማስተማር ይገባናል።