ከጎልጎታ እስከ ጎረቤላ፦ ታሪክን በፍቅር የሚቆፍሩ እጆች

የመስቀል በዓል በመላ አገራችን ደመራ ተደምሮ፣ ችቦ ተለኩሶ፣ አደይ አበባ ተይዞ በታላቅ ድምቀት ይከበራል። አብዛኞቻችን በዓሉን የምናስበው ከእሳቱና ከጢሱ ጋር ነው። ይሁን እንጂ የበዓሉ መሠረት የሆነው ታሪክ በጥሞና ሲታይ፣ ጢሱ የሥራው መጀመሪያ እንጂ ፍጻሜው አልነበረም። ከጢሱ በኋላ የተከተለው ዶማና አካፋ፣ ላብና ትዕግሥት ነበር።

ቤተ ክርስቲያናችን እንደምታስተምረው ንግሥት እሌኒ ቅዱስ መስቀሉን ፍለጋ ወደ ኢየሩሳሌም በወረደች ጊዜ ቦታው ለዘመናት ጥራጊ ሲጣልበት ኖሮ ኮረብታ ሆኖ ነበር። ኪራኮስ የተባለ አረጋዊ አካባቢውን ጠቆማት። ንግሥቲቱም ደመራ አስደምራ፣ ዕጣን አስጨምራ፣ ጢሱ ሰግዶ ያመለከታትን ሥፍራ መስከረም 17 ቀን ማስቆፈር ጀመረች። ሥራው የተፈጸመው መጋቢት 10 ቀን ነው። ስድስት ወር ያህል መሆኑ ነው። እንግዲህ ዛሬ የምናከብረው በዓል የአንድ ቀን ተአምር ብቻ ሳይሆን የብዙ እጆች የረጅም ጊዜ ድካም መታሰቢያም ጭምር ነው።

ሮማውያን የሸሸጉት ሥፍራ

የታሪክ ጸሐፊዎችም ስለዚያ ሥፍራ የሚሉት አላቸው። የሮማው ንጉሠ ነገሥት ሐድርያን በሁለተኛው መቶ ዓመት ኢየሩሳሌምን በሮማውያን ሥርዓት እንደገና አሠርቶ ኤልያ ካፒቶሊና ብሎ ሰየማት። የቂሳርያው ኤጲስ ቆጶስ አውሳብዮስ እንደጻፈው የጌታ መቃብር በአፈር ተሞልቶ በላዩ ላይ የቬኑስ የጣዖት ቤት ተሠርቶበት ነበር። ከሁለት መቶ ዓመት ያህል በኋላ ታላቁ ቆስጠንጢኖስ ጣዖት ቤቱ እንዲፈርስ፣ ድንጋዩና አፈሩም ተጠርጎ ከከተማዪቱ ውጪ ርቆ እንዲጣል አዘዘ። በዚያ ሥፍራ የታነጸው ቤተ ክርስቲያንም እ.ኤ.አ. በ335 ዓ.ም ተባረከ።

በ20ኛው መቶ ዓመት ለጥገና የተደረጉ ቁፋሮዎች በቤተ ክርስቲያኑ ሥር ጥንታዊ የድንጋይ ማውጫ እንደነበረ፣ በላዩም የሐድርያን ዘመን ግንብ እንዳረፈ አሳይተዋል። እ.ኤ.አ. ከ2022 ጀምሮ ደግሞ የቤተ ክርስቲያኑ ወለል ሲታደስ የሮም ሳፒየንዛ ዩኒቨርሲቲ ባለሙያዎች ሥፍራውን መርምረዋል። በዚያም የወይራና የወይን ተክል ርዝራዥ ማግኘታቸው እ.ኤ.አ. በ2025 ተገልጿል። በስቅለቱ ሥፍራ አትክልት እንደነበረ በወንጌላዊው ዮሐንስ በምዕራፍ 19 የተመዘገበውን ለሚያውቅ አንባቢ፣ ከአንዲት ጭብጥ አፈር ውስጥ ምን ያህል ነገር ሊነበብ እንደሚችል ይህ በቂ ማስረጃ ነው። የእኛው ዴር ሡልጣን ገዳም የሚገኘውም በዚሁ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ባለው በቅድስት እሌኒ ጸሎት ቤት ጣራ ላይ መሆኑን ማስታወስ ይገባል።

ያለ ደመወዝ የሚቆፍሩ

በዘመናችን የሮማውያንን ፍርስራሽ ከሚቆፍሩት ሰዎች ብዙዎቹ ደመወዝተኞች አይደሉም። ይኸው ሐድርያን እ.ኤ.አ. በ122 ዓ.ም በሰሜን ብሪታንያ ታላቅ ግንብ ማሠራት ጀምሮ ነበር። በዚያ ግንብ አጠገብ በሚገኘው የቪንዶላንዳ የጦር ሠፈር በየዓመቱ በመቶ የሚቆጠሩ በጎ ፈቃደኞች ይሰለፋሉ። መምህሩ፣ ጡረተኛው፣ ተማሪው፣ የቤት እመቤቷ ከባለሙያ ጋር ጎን ለጎን ተንበርክከው ጭቃ ይፍቃሉ። እ.ኤ.አ. በ1973 በዚህ ሥፍራ በቀለም የተጻፈባቸው ስስ የእንጨት ገበታዎች መገኘት ጀመሩ። ከእነዚህም አንዱ የአንድ አዛዥ ሚስት ለወዳጇ የላከችው የልደት በዓል ጥሪ ነው። የጥሪው ቀን ሴፕቴምበር 11 መሆኑ፣ ዛሬ እኛ ዕንቁጣጣሽን ከምናከብርበት ቀን ጋር ስለሚገጥም፣ ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ፈገግታን ያጭራል። አሥራ ዘጠኝ መቶ ዓመት መሬት ውስጥ የቆየ የወዳጅነት ቃል በጥንቃቄ በሚሠሩ እጆች ለዛሬ ሰው በቃ።

በምድረ እስራኤልም የሮም ጭፍሮች እ.ኤ.አ. በ73 ወይም በ74 ዓ.ም የያዙት የማሳዳ አምባ እ.ኤ.አ. ከ1963 እስከ 1965 ሲቆፈር፣ የቁፋሮው መሪ ይጋኤል ያዲን በጋዜጣ ባወጣው ጥሪ መሠረት ከ28 አገሮች በጎ ፈቃደኞች ተገኝተው ነበር። የመጓጓዣቸውን ከራሳቸው ከፍለው፣ በድንኳን እያደሩ በበረሃው ሐሩር ሠርተዋል። ያገኙት ዋጋ ታሪክን በእጅ መዳሰስ ብቻ ነበር።

በእኛ አገር

የሮማውያን ዓለም ከኢትዮጵያ የራቀ አልነበረም። በትግራይ ከይሐ በስተሰሜን ምሥራቅ በሚገኘው ቤተ ሰማዕቲ እ.ኤ.አ. ከ2011 እስከ 2016 በተደረገ ቁፋሮ በአራተኛው መቶ ዓመት የተሠራ ቤተ ክርስቲያን ተገኝቷል። ሕንፃው ሮማውያን ለአደባባይና ለፍርድ ጉዳይ ይገለገሉበት የነበረውን፣ በኋላም ክርስቲያኖች ለጸሎት ያዋሉትን የባዚሊካ ስልት የተከተለ ነው። ዘመኑም ኢዛና የነገሠበት፣ አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን ያስተማረበት ክፍለ ዘመን ነው። በዚያ መስቀልና የግዕዝ ፊደል የተቀረጸበት የድንጋይ አንገት ጌጥ፣ እንዲሁም የበሬ ራስ በተቀረጸበት ቀይ ዕንቁ ያጌጠ የወርቅ ቀለበት ተገኝተዋል። ግኝቱ እ.ኤ.አ. በ2019 በይፋ ታትሟል።

ወደ ሰሜን ሸዋ ስንመለስም ባዶ እጃችንን አንቀርም። በመንዝ መሻለ ማርያም አካባቢ የፈረንሳይና የኢትዮጵያ ባለሙያዎች ባደረጉት ጥናት በአሥረኛው መቶ ዓመት አካባቢ ሙታን በአንድነት የተቀበሩበት፣ በድንጋይ የተሠራ መተላለፊያ ያለው ታላቅ የመቃብር ጉብታ ተቆፍሯል። የሸክላ ዕቃና ዶቃም ተገኝቶበታል። በዚያው አካባቢ የመካከለኛው ዘመን የገብርኤል ቤተ ክርስቲያን ፍርስራሽም ተጠንቷል። ከአንኮበር ተራሮች ግርጌ በሚጀምረው በይፋት ቆላ ደግሞ አስባሪና ኖራን የመሳሰሉ የጥንት የእስላም ከተሞች ፍርስራሾች ተለይተዋል። ክርስቲያኑና እስላሙ ጎረቤታሞች ሆነው የኖሩባት ምድር የሁለቱንም ታሪክ በአንድ ማኅፀን ይዛለች ማለት ነው።

የጎረቤላ አደራ

ከደብረ ብርሃን በስተምሥራቅ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ጎረቤላ የሚደርስ ሰው ከከተማዪቱ በላይ የአንኮበርን ቤተ መንግሥት ኮረብታ ያያል። ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ የነገሡበት፣ ዳግማዊ ምኒልክም ከመቅደላ አምልጠው እ.ኤ.አ. በ1865 የሸዋን መንበር የያዙበት ነው። መናገሻው ወደ እንጦጦ፣ ከዚያም ወደ አዲስ አበባ ከተዛወረ በኋላ ከግንቡ ፍርስራሽ ቀርቷል። ዙሪያውን ቅድስት ማርያም፣ ቅዱስ ሚካኤልና መድኃኔ ዓለም ቆመዋል። የጎረቤላ ልጅ ሲወለድ ጀምሮ በታሪክ ላይ ይራመዳል።

እንዲህ ባለው ሥፍራ ሁለት ዓይነት ቆፋሪ ሊመጣ ይችላል። አንደኛው የነገሥታት ወርቅ ተቀብሯል የሚለውን ወሬ ሰምቶ በሌሊት ዶማ ይዞ የሚመጣ ነው። ይህ ሰው ወርቅ አገኘም አላገኘም የሚያጠፋው አንድ ነው። መሬት እንደ ብራና መጽሐፍ ቅጠል በቅጠል የተደራረበች ናትና፤ የታችኛው አፈር የቀደመውን ዘመን፣ የላይኛው የኋላውን ይናገራል። የሸክላ ስባሪው፣ ከሰሉ፣ የእህሉ ቅንጣት ትርጉም የሚኖራቸው በተኙበት ሥፍራና ጥልቀት ሲመዘገቡ ነው። ከሰሉ በቤተ ሙከራ ተመርምሮ ዘመኑን የሚናገረውም ከየትኛው ንብርብር እንደወጣ ሲታወቅ ብቻ ነው። አንድ ጊዜ የተደባለቀ አፈር ተመልሶ አይነበብም። ገጾቹ ተገንጥለው የተበተኑ መጽሐፍ ማለት ነው።

ሁለተኛው ቆፋሪ ፈቃድ ይዞ፣ ገመድ ወጥሮ፣ መሬቱን በካሬ ከፍሎ የሚሠራ ነው። አፈሩን በእጅ በሚያዝ አነስተኛ መፋቂያና በብሩሽ ጥቂት በጥቂት ያነሣል። በወንፊት ይነፋል፤ ይለካል፤ ይስላል፤ ይጽፋል። ይህ ሥራ ብዙ ጥንቁቅ እጆች ይፈልጋል። በጎ ፈቃደኛ የሚያስፈልገውም እዚህ ላይ ነው።

ነፃ አገልግሎት ለሕዝባችን እንግዳ አይደለም። እህል በደቦ ይታጨዳል፣ ቤት በጅጊ ይሠራል፣ ደብር ሲታነጽ ምእመኑ ድንጋይ በትከሻው ያቀርባል። የጎረቤላና የሌሎችም ጥንታዊ ሥፍራዎች ወጣቶች፣ የሰንበት ተማሪዎችም፣ ይህንኑ ልማድ ለቅርስ ሊያውሉት ይችላሉ። ባለሙያ በሌለበት መቆፈር ግን የእነርሱ ድርሻ አይደለም። የቅርስ ጥናትና ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ያለ ፈቃድ የቅርስ ቁፋሮ ማካሄድን ይከለክላል። መሠረት ሲቆፈር፣ መንገድ ሲሠራ ወይም በሌላ አጋጣሚ ቅርስ ያገኘ ሰውም ወዲያውኑ እንዲያመለክትና እስኪረከቡት ድረስ እንዳለ እንዲጠብቅ ያዛል።

ስለዚህ የወጣቱ የመጀመሪያ ሥራ ዘብ መቆም ነው። በፍርስራሽ ሥፍራ አዲስ ጉድጓድ ካየ ለወረዳው ባህልና ቱሪዝም መሥሪያ ቤት ማመልከት፣ የግንብ ድንጋይ ለአጥር እንዳይወሰድ መከላከል ይገባዋል። ሁለተኛው ሽማግሌዎችን መጠየቅ ነው። የቦታ ስም፣ የፈረሰ ደብር፣ የጠፋ መንገድ የሚያውቁ አባቶችና እናቶች ሳያልፉ ቃላቸው ይጻፍ። ሦስተኛው አሮጌ ቤተ ክርስቲያን ፈርሶ አዲስ ሲታነጽ የጥንቱ መሠረት ሳይለካና ፎቶግራፍ ሳይነሣ እንዳይጠፋ ካህናቱንና የሰበካ ጉባኤውን በትሕትና ማሳሰብ ነው። ፈቃድ ያለው የጥናት ቡድን በመጣ ጊዜ ደግሞ አፈር በመንፋት፣ በመጻፍ፣ በመምራት ማገልገል ይቻላል።

ንግሥት እሌኒ ንጉሣዊ ሥልጣንና ሀብት ነበራት። ሥፍራውን ያመለከታት ግን የአገሩ ሽማግሌ ነበር። ኪራኮስ የሰማውን ይዞ ባይቆይና ባይናገር ኖሮ ዶማው ከየት ይጀምር ነበር? ዛሬም በየጎረቤላው የሚኖሩ ኪራኮሶች ቃላቸውን ለልጆቻቸው ያስረክቡ፤ ልጆቹም ይስሙ። በደመራው ዙሪያ ስንዞር፣ ከእግራችን በታች ያለው መሬት ገና ያልተነበበ መጽሐፍ መሆኑን እያሰብን ይሁን።

መልካም የመስቀል በዓል!