ስልክ ሕመምተኛ ጠያቂ ሲሆን

የታመመን መጠየቅ በአገራችን ከአባቶች የተረከብነው መልካም ወግ ነው። ጠያቂው መድኃኒት ይዞ ባይመጣም፥ «እንደምን አደሩ? ዛሬስ ተሻለዎ?» የሚለው ቃሉ ብቻ ሕመምተኛውን ያበረታዋል፤ ከሰው ቍጥር አለመውጣቱንም ይነግረዋል። ነገር ግን ሕመሙ ለጎረቤት የማይገለጥ፥ በቤት ውስጥ እንኳ ተሰውሮ የሚያዝ የሆነ እንደ ሆነ ጠያቂው ማን ይሆናል? ኤች አይ ቪ በደማቸው ውስጥ ያለ ብዙ ሰዎች የሚኖሩት በዚህ ብቸኝነት ነው። ዛሬ ከየሰው ኪስ የማይታጣው ስልክ፥ በአግባቡ ከተሠራበት፥ ጠያቂውን ወደ ሕመምተኛው ሊያደርሰው እንደሚችል በጎረቤታችን በኬንያ የተደረገ አንድ ጥናት ያስረዳል።

ውድ አንባብያን፥ አስቀድሞ መጠየቁ ለምን እንደሚያስፈልግ መረዳት ይገባል። የኤች አይ ቪ መድኃኒት ቫይረሱን ከሰውነት ጨርሶ ባያጠፋውም እንዳይራባ አድርጎ ይገታዋል። ይህም የሚሆነው መድኃኒቱ ሳይቋረጥ ሲወሰድ ነው፤ ሲቋረጥ ግን ቫይረሱ ዳግመኛ ይበረታል፥ መድኃኒቱንም ሊቋቋም ይችላል። የመጽናቱ ጥቅም ለሕመምተኛው ብቻ አይደለም። ከሁለቱ አንዱ ብቻ ቫይረሱ ባለበት 1,763 ጥንዶች ላይ በ9 አገሮች የተደረገ፥ እ.ኤ.አ. በ2011 ውጤቱ የተገለጠ ጥናት፥ ሕክምናውን ቶሎ የጀመሩት ሰዎች ካዘገዩት ጋር ሲነጻጸሩ ቫይረሱ ወደ ጓደኛቸው መተላለፉ በ96 በመቶ እንደ ቀነሰ አሳይቷል። ስለዚህ በየዕለቱ የምትዋጥ ክኒን የአንድ ሰው መድኃኒት ብቻ ሳትሆን የመላው ቤት አጥር ናት።

ወደ ኬንያው ጥናት እንመለስ። እ.ኤ.አ. በ2007 እና በ2008 ሕክምና የጀመሩ 538 ሰዎች በሦስት ክሊኒኮች ተመዘገቡ። አንደኛው በናይሮቢ ድሃው ሕዝብ በሚበዛበት በፑምዋኒ ሰፈር፥ ሁለተኛው በዚያው ከተማ በኮፕቲክ ሆስፒታል፥ ሦስተኛው በማሳይ ምድር በካጂያዶ የሚገኙ ነበሩ። ለ273ቱ ሰዎች በየሳምንቱ ሰኞ አንድ አጭር መልእክት በስልክ ይላክላቸው ጀመር። መልእክቱ በስዋሂሊ ቋንቋ «ማምቦ?» የሚል ነው፤ ትርጓሜውም «እንዴት ነህ?» እንደ ማለት ነው። ተቀባዩ ደኅና ከሆነ «ሳዋ»፥ ችግር ካለበት ደግሞ «ሺዳ» ብሎ በ48 ሰዓት ውስጥ ይመልሳል። «ሺዳ» ያለውንም፥ ዝም ያለውንም የክሊኒኩ ባለሙያ ራሱ ደውሎ ያነጋግረዋል። የቀሩት 265 ሰዎች የተለመደውን ሕክምና ብቻ አገኙ።

ዓመቱ ሲፈጸም መልእክት ከደረሳቸው 57 በመቶው፥ ካልደረሳቸው ግን 48 በመቶው ቫይረሱ ተገትቶላቸው ተገኙ። መድኃኒታችንን ሳናጓድል ወስደናል ያሉትም ከፊተኞቹ 62 በመቶ፥ ከኋለኞቹ 50 በመቶ ነበሩ። ይህም ውጤት እ.ኤ.አ. በ2010 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ ታተመ።

አስተውሎ ለተመለከተው ሰው፥ በዚያች አጭር መልእክት ውስጥ የበሽታው ስም የለም፤ የመድኃኒቱም ስም የለም። ከሰዎቹ መካከል ስልክ ከሌላ ሰው ጋር የሚጋሩ ስለ ነበሩ፥ መልእክቱን ሌላ ሰው ቢያነበው እንኳ ከወዳጅ ሰላምታ በቀር የሚያገኘው ነገር አልነበረም። ደግሞም ስልኩ ጥያቄውን አደረሰ እንጂ ችግሩን የሰማው ሰው ነው። «ሺዳ» ብሎ የጻፈ ሰው ደዋይ ባያገኝ ኖሮ፥ የሰኞው ሰላምታ ከንቱ ድምፅ በሆነ ነበር።

ጥያቄም ሲበዛ ይሰለቻል። በዚያው በኬንያ፥ በቹላይምቦ የገጠር ጤና ጣቢያ በ431 ሰዎች ላይ ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመ ሌላ ጥናት ይህን የሚመስል ነገር አግኝቷል። በሳምንት አንድ ጊዜ ማስታወሻ ከተላከላቸው ሰዎች 53 በመቶው መድኃኒታቸውን በጽናት ሲወስዱ፥ ምንም ካልተላከላቸው ግን እንዲህ ያደረጉት 40 በመቶ ነበሩ። በየቀኑ ማስታወሻ የጎረፈላቸው ሰዎች ግን ምንም ካልተላከላቸው ብልጫ አላሳዩም። ወላጅም ሆነ የትዳር ጓደኛ «ዋጥህ ወይ? ዋጥሽ ወይ?» እያለ ጧትና ማታ ከሚጨቀጭቅ፥ በልክና በፍቅር ቢጠይቅ የተሻለ ይሆናል።

እነዚህ ሁለቱ ጥናቶች በተራ የጽሑፍ መልእክት የተሠሩ ናቸው። ስማርት ስልክ ግን ከዚህ አልፎ የምርመራ መሣሪያ ለመሆን በቅቷል። እ.ኤ.አ. በ2015 በኒው ዮርክ የኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ሊቃውንት ከስማርት ስልክ ጋር የሚያያዝና ኃይሉን ከስልኩ የሚያገኝ አነስተኛ መሣሪያ ሠርተው፥ በሩዋንዳ በ96 ሰዎች ላይ እንደ ሞከሩት ገልጠዋል። ከጣት በተወሰደ የደም ጠብታ ኤች አይ ቪንና ቂጥኝን በ15 ደቂቃ ውስጥ ይመረምራል። ሁለቱም ከእናት ወደ ልጅ የሚተላለፉ ስለ ሆኑ፥ መብራትና ላቦራቶሪ በሌለበት ገጠር ነፍሰ ጡር እናት በጊዜ ብትመረመርበት ለጽንሱ ታላቅ ጥቅም አለው። ዳሩ ግን መሣሪያው ያሳየው ውጤት በጤና ተቋም በሌላ ምርመራ ሳይረጋገጥ የመጨረሻ ቃል ሊሆን አይገባም።

ከዚህ ሁሉ ለየቤታችን የሚተርፍ ትምህርት አለ። የስማርት ስልክ መልእክት ስልኩ ተቈልፎ ሳለ እንኳ በመስተዋቱ ላይ ብቅ ሊል ይችላልና፥ ምሥጢር ያለው ሰው ይህ እንዳይሆን ስልኩን ያስተካክል፤ ከክሊኒኩም ጋር ስለሚላክለት ቃል አስቀድሞ ይስማማ። ቤተሰብም የሌላውን ስልክ ከመበርበር ይታቀብ። ምሥጢሩ ያለፈቃዱ የወጣበት ሰው ሕክምናውን ሸሽቶ ሊቀር ይችላል፤ እርሱ ሲሸሽ ደግሞ የቤቱ አጥር ይፈርሳል። የቤተሰቡ አባል ራሱ ወዶ ምሥጢሩን የገለጠለት ሰው ቢኖር ግን፥ ያ ሰው ትልቅ አደራ ተቀብሏል። በሳምንት አንድ ቀን ደውሎ «እንደምን ሰነበትህ?» ይበለው፤ መልሱ «ችግር አለብኝ» የሚል ከሆነም ስልኩን ከመዝጋቱ በፊት መቼና የት እንደሚገናኙ ይቅጠር።