ከልጇ በፊት ኮምፒውተርን ያወቀች እናት

ድረ ገጾችን እርስ በርስ ያገናኘውን ወርልድ ዋይድ ዌብን የፈጠረው እንግሊዛዊው ቲም በርነርስ ሊ ስሙ በዓለም የታወቀ ነው። እናቱ ሜሪ ሊ ዉድስ እሱ ከመወለዱ በፊት የኮምፒውተር ባለሙያ እንደነበረች ግን ብዙ አይነገርም።

ሜሪ ሊ እ.ኤ.አ. በ1924 በርሚንግሃም ከተማ ከመምህራን ወላጆች ተወለደች። ሒሳብ አጥንታ፣ በጦርነቱ ጊዜ በራዳር ምርምር ተቋም፣ በኋላም አውስትራሊያ በሚገኝ የከዋክብት መመልከቻ ጣቢያ ሠራች። በ1951 ማንችስተር ውስጥ ፌራንቲ በተባለው ኩባንያ በፕሮግራም ጸሐፊነት ተቀጠረች።

የኩባንያው ማሽን፣ ፌራንቲ ማርክ 1፣ ለገበያ ከቀረቡት የመጀመሪያ ኮምፒውተሮች አንዱ ነበር። የልጅ ልጆቻችን ከሚነካኩት ስልክ ጋር አይመሳሰልም። በድሮ ሬዲዮ ውስጥ የነበሩትን ዓይነት አምፖል መሳይ ቫልቮች፣ 4,000 ያህል ተሸክሟል። ትእዛዝ የሚቀበለው ቀዳዳ ከተበሳበት የወረቀት ጥብጣብ ነው። በእያንዳንዱ ረድፍ አምስት የቀዳዳ ቦታ አለ፤ ከዚያ 32 ምልክቶች ይወጣሉ፤ እነሱንም ፕሮግራም ጸሐፊው በቃሉ መያዝ ነበረበት። ቁጥሩ ደግሞ እኛ ከለመድነው ተገልብጦ፣ ትንሹ ቤት ቀድሞ ይጻፋል። በዚህ ላይ አንዲት ቀዳዳ ያለቦታዋ ከተበሳች ውጤቱ ሁሉ ይበላሻል።

ሴቶቹ ከወንዶቹ ጋር አንድ ዓይነት ሥራ እየሠሩ የሚከፈላቸው ግን ያነሰ ነበር። ሜሪ ሊ ይህን ዝም ብላ አላለፈችም። ለባልደረቦቿም ጭምር ተከራክራ እኩል ክፍያ አስገኘች። እንግሊዝ የእኩል ክፍያ ሕግ ያወጣችው በ1970 መሆኑን ስናስታውስ፣ ድፍረቷ ይገባናል።

በ1954 የሥራ ባልደረባዋን ኮንዌይ በርነርስ ሊን አገባች። አራት ልጆች ወለዱ። ቤት ውላ ልጅ እያሳደገች ፕሮግራም በኮንትራት ትጽፍ ነበር። ፕሮግራም ያን ጊዜ የሚጻፈው በወረቀት ላይ ስለነበር ቤት ውስጥ ማሽን መኖር አያስፈልግም። ከሠራቻቸው መካከል የለንደን አውቶቡሶችን ጉዞ የሚያስመስል ፕሮግራም ይገኝበታል። በኋላም የሒሳብ መምህርት ሆነች፤ ከዚያ ወደ ፕሮግራም ሥራዋ ተመለሰች።

የልጇን ሥራ ለእሷ ብቻ መስጠት ልክ አይሆንም፤ አባትየውም የኮምፒውተር ሰው ነበር። ትንሹ ቲም በካርቶን የራሱን «ኮምፒውተር» እየሠራ ይጫወት እንደነበር ይነገራል።

ሜሪ ሊ በ1987 ጡረታ ወጣች። ከሁለት ዓመት በኋላ ቲም የዌብን ሐሳብ በጽሑፍ አቀረበ። እሷም በ2017 በ93 ዓመቷ እስካረፈችበት ቀን ድረስ የልጇን ፈጠራ ዓለም ሲጠቀምበት አይታለች።