ብረትም ይደክማል

ሽቦ ደጋግመን ስናጣጥፈው እንደሚሰበር ሁላችንም እናውቃለን፤ ይህንንም መሐንዲሶች ድካም ይሉታል። ግለትና ቅዝቃዜ ሲጨመሩበት ግን ነገሩ ይከፋል። የጄት አውሮፕላን ሞተርን እንመልከት።

በተርባይኑ ዙሪያ የተሰኩትን የኒኬል ቅይጥ ምላጮች የሚመታቸው ጋዝ በዘመናዊ ሞተር ከ1500 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይበልጣል፤ ንጹሕ ኒኬል ግን በ1455 ይቀልጣል። ከመቅለጥ የሚያድናቸው በውስጣቸው በተፈለፈሉት ቀዳዳዎች የሚነፍሰው አየር ነው። ይሁንና መቅለጥ ብቻውን አይደለም ጠላታቸው። ሞተሩ ሲነሣ ስሱ ጠርዝ ፈጥኖ ይግላል፤ ሊረዝምም ይፈልጋል። ወፍራሙና ገና ያልጋለው አካል ግን አላፈናፍን ይለዋል። ስለዚህ ጠርዙ ይጨመቃል፤ ግለቱ ስላለሰለሰውም እንደ ተጨመቀ ይቀራል። ሞተሩ ጠፍቶ ሲቀዘቅዝ ይኸው ያጠረ ጠርዝ በተራው ይወጠራል። በየበረራው እንዲህ ሲሆን፣ ኦክሲጅን የበላው ገጹ ይሰነጠቃል፤ ስንጥቁ በጊዜ ካልተገኘ ምላጩ ተቈርጦ ሞተሩን ሊያበላሸው ይችላል። የሞተር ዕድሜ በሰዓት ብቻ ሳይሆን በበረራ ብዛትም የሚቈጠረው ስለዚህ ነው።

እንግዲያው የበለጠ ግትር ብረት ይሠራ የሚል ሰው ይኖር ይሆናል። እኛን የሚያስደንቀን መድኃኒቱ በተቃራኒው መገኘቱ ነው። በ1982 (እ.ኤ.አ.) አንድ የፕራት ኤንድ ዊትኒ ሞተር እያንዳንዳቸው ከአንድ ክሪስታል ብቻ የተሠሩ ምላጮች ይዞ መንገደኞችን ማጓጓዝ ጀመረ። ክሪስታሉ በምላጩ ቁመት በኩል ግትርነቱ በሚያንስበት አቅጣጫ እንዲያድግ ይደረጋል። በዚያ በኩል ግትርነቱ ከተራው ቅይጥ ሁለት ሦስተኛ ያህል በመሆኑ፣ የግለቱ ልዩነት ያው ሆኖ ሳለ ውጥረቱ ይቀንሳል።