የድሮ ፊልም እንዴት ይታያል? በአብደራፊ ቪዲዮ ቤት የተደረገ ጥቂት ምርመራ

ሰው ያረጀን ነገር ሁሉ አይንቅም። የቆየ ጠጅ ይወደዳል፤ የቆየ ብራና ይከበራል፤ የቆየ ወዳጅም ይናፈቃል። ፊልም ሲያረጅ ግን ብዙ ሰው ፊቱን ያዞርበታል። ድምፅ የለውም፣ ቀለም የለውም፣ ሰዎቹም እንደ ጉንዳን ይሯሯጣሉ እየተባለ ይነቀፋል። ይህ ጽሑፍ የዚህን ነቀፋ ምክንያት ለመመርመር፣ እንዲሁም የድሮ ፊልም በምን መንገድ ቢታይ ደስታና ትምህርት እንደሚሰጥ ለማስረዳት የተዘጋጀ ነው። በጽሑፉ ውስጥ የውጭ አገር ፊልሞች የወጡበት ዓመት በአውሮፓ አቆጣጠር ተመልክቷል፤ ዓ.ም. የተባለው ግን የኢትዮጵያ ነው።

ስለ ቦታውና ስለ ተመልካቹ

አብደራፊ በምዕራብ ጎንደር፣ በምዕራብ አርማጭሆ ቆላ፣ በአንገረብ ወንዝ አጠገብ፣ ከሱዳን ወሰን ሳትርቅ የምትገኝ ከተማ ናት። ምድሩ በበጋ የሚሰነጣጠቅ፣ በክረምት ጭቃ የሚሆን ጥቁር አፈር ነው። ሰሊጥ፣ ማሽላና ጥጥ ይዘራበታል። ሰሊጡ በውጭ ገበያ የሚፈለግ ስለ ሆነ «ነጭ ወርቅ» የሚሉት አሉ። ለአረምና ለአጨዳ ከጋይንት፣ ከበለሳ፣ ከደባርቅ፣ ከጎጃምና ከሌላም አገር በብዙ ሺህ የሚቆጠር ሠራተኛ ወደዚህ ቆላ ይወርዳል። ይህ ሰው ከእርሻው ካምፕ ወጥቶ ከተማ ሲገባ፣ ከሻይ ቤት ቀጥሎ የሚያርፍበት ቪዲዮ ቤት ነው።

እኔም ለክረምት ዕረፍት ወደ አገሬ በወረድሁ ጊዜ፣ ቻርሊ ቻፕሊን በ1925 ያወጣውን «የወርቅ ጥድፊያ» የተባለውን ድምፅ አልባ ፊልም በፍላሽ ይዤ ወደ አንድ ቪዲዮ ቤት ሄድሁ። ባለቤቱ ጥቂት ደቂቃ አይቶ፣ «አንተ ልጅ፣ ይኸማ አይናገርም። ሰዉ ገንዘቤን መልስ ቢለኝ ትከፍላለህ?» አለኝ። «እከፍላለሁ ጋሼ» አልሁት። እንዲህ ያልሁት ደፍሬ ሳይሆን አንድ ነገር አስቤ ነው። በክረምት ምሽት ዝናቡ በቆርቆሮው ጣራ ላይ ሲወርድ፣ በዚያ ቤት ውስጥ የሚናገረውም ፊልም ቢሆን አይሰማም ነበርና።

ድምፅ አልባው ፊልም በምን ይናገራል?

የሉሚዬር ወንድማማቾች በፓሪስ ከተማ ተንቀሳቃሽ ሥዕል ገንዘብ ለከፈለ ሕዝብ ያሳዩት በታኅሣሥ ወር 1888 ዓ.ም. ነው። ይኸውም የዐድዋ ጦርነት ከመደረጉ ሁለት ወር ያህል ቀድሞ መሆኑ ነው። ሲኒማ ወደ አገራችን ለመምጣትም ብዙ አልዘገየም። በአዲስ አበባ የመጀመሪያው የፊልም ማሳያ ቤት ግን ሕዝቡ ስላልለመደው «የሰይጣን ቤት» ተብሎ ተጠራ። በጎንደርም ኢጣልያኖች ከ1928 እስከ 1934 ዓ.ም. በቆዩበት ዘመን በፒያሳ ሲኒማ ቤት ሠርተዋል።

ከሉሚዬር ጀምሮ እስከ 1927 ድረስ፣ ሠላሳ ዓመት ለሚያህል ጊዜ፣ ፊልም በጠቅላላው ድምፅ አልነበረውም። የዚያን ጊዜ ሠሪዎች በቃል መናገር ስላልቻሉ በሌላ ነገር መናገርን ተማሩ። የሰው አካሄድ፣ የዓይን አጣጣል፣ የባርኔጣ አወላለቅ፣ የበር አከፋፈት ሁሉ ቃል ሆነ። ስለዚህ ድምፅ አልባውን ፊልም አንድ ነገር እንደ ጎደለው ፊልም ማየት ስሕተት ነው። ዋሽንት ስለማይናገር ጎደሎ እንደማይባል ሁሉ፣ ይህም በራሱ የቆመ የጥበብ ዓይነት ነው።

ሰዎቹ እንደ ጉንዳን ይሯሯጣሉ የሚለው ነቀፋ ደግሞ የፊልሙ ጥፋት አይደለም። ጥንት የፊልም ማንሻው መኪና በእጅ እየተዘወረ ይሠራ ስለ ነበር፣ በአንድ ሴኮንድ የሚነሣው ሥዕል ብዙ ጊዜ 16 ወይም ከዚያ ጥቂት የሚበልጥ ነበር። ድምፅ ከመጣ በኋላ ግን ፍጥነቱ 24 ሆኖ ተወሰነ። በ16 የተነሣው በ24 ሲታይ፣ አንድ ሰዓት የሚፈጀው በ40 ደቂቃ ያልቃል፤ በቀስታ የሚሄደውም ሰው ይሮጣል። እንግዲህ ተመልካቹ ፍጥነቱ የተስተካከለ ቅጂ መርጦ ቢያይ ነቀፋው በአብዛኛው ይጠፋል።

ሁለተኛው ነገር አስተርጓሚ ነው። ድምፅ አልባ ፊልም ሲታይ በዝምታ አይታይም ነበር። በአውሮፓና በአሜሪካ ፒያኖ ወይም ኦርኬስትራ ያጅበዋል። በጃፓን አገር ደግሞ «ቤንሺ» የሚባል ተራኪ ከሸራው አጠገብ ቆሞ ታሪኩን ያወራል፤ ከተዋንያኑ ይልቅ በቤንሺው ስም ሕዝብ የሚሰበሰብበት ጊዜም ነበር። ቻፕሊንም ራሱ በ1942 «የወርቅ ጥድፊያ»ን እንደ ገና ሲያወጣ በገዛ ድምፁ ተርኮበታል።

በአብደራፊ የሆነውም ይህንኑ ይመስላል። ፊልሙ እንደ ተጀመረ «ድምፁን ክፈተው!» የሚል ጩኸት ከየወንበሩ ተነሣ። ወዲያው ግን በሸራው ላይ ወርቅ ፈላጊዎች በረዶ የሸፈነውን ተራራ በረጅም ሰልፍ ሲወጡ ታዩ። ከደባርቅ የመጣ አንድ ሠራተኛ «ይኸ በረዶ ነው፤ እኛ አገር ራስ ደጀን ላይ አለ። እነዚህም እንደኛ ሥራ ፍለጋ ወጥተው ነው» ብሎ ለጎረቤቱ መንገር ጀመረ። ከዚያ በኋላ እስከ መጨረሻው ተራኪ እርሱ ሆነ። ማንም ሳይሾመው ቤንሺ ሆነ ማለት ነው።

ቻፕሊን በራብ ጊዜ ጫማውን ቀቅሎ፣ ማሰሪያውን እንደ ፓስታ እየጠቀለለ፣ ሚስማሩን እንደ አጥንት እየጋጠ የሚበላበት ቦታ ሲደርስ ቤቱ በሳቅ ተሞላ። (ጫማው ለፊልሙ ከጣፋጭ ከረሜላ የተሠራ ነበር።) ቀጥሎ ግን እንግዶች ጋብዞ፣ ገበታ ዘርግቶ፣ ማንም ሳይመጣለት ብቻውን የሚቀርበት የዘመን መለወጫ ሌሊት መጣ። በዚህ ጊዜ የሳቀ የለም። በዓልን ከቤተ ሰቡ ርቆ በካምፕ ያሳለፈ ሰው ለዚህ ትርጕም አያሻውም። ገንዘቡን መልስ ያለ ሰው አልነበረም።

ስለ ጥቁር ፊልም

«ፊልም ኗር» ማለት በፈረንሳይኛ ጥቁር ፊልም ማለት ነው። ስሙን በ1946 ለአሜሪካ የወንጀል ፊልሞች የሰጠው ኒኖ ፍራንክ የተባለ ሐያሲ ነው። የእነዚህ ፊልሞች ጥላና ጨለማ ከጀርመን ድምፅ አልባ ፊልም የተወረሰ ነው። በ1920 በወጣው «ዶክተር ካሊጋሪ» ቤቶቹ ዘመው፣ ጥላዎቹም በቀለም ተሥለው ይታያሉ። ናዚዎች በ1933 ሥልጣን ሲይዙ ፍሪትዝ ላንግ፣ ቢሊ ዋይልደር፣ ሮበርት ሲኦድማክና ሌሎችም ተሰድደው በኋላ ወደ ሆሊውድ ስለ ገቡ፣ ያንን የጥላ አሠራር ይዘው ሄዱ። በዚያም ላይ ጨለማ ርካሽ ነበር፤ ጥቂት መብራት ብቻ ሲበራ የቤቱ ግድግዳ ካርቶን መሆኑ አይታወቅም። ከ1934 ጀምሮ ደግሞ የአሜሪካ የፊልም ደንብ ወንጀለኛ ሳይቀጣ እንዳይቀር ያዝዝ ነበር። ስለዚህ በእነዚህ ፊልሞች ውስጥ ሰውዬው ከመጀመሪያው እንደሚወድቅ ይታወቃል፤ ተመልካቹ የሚጠብቀው እንዴት እንደሚወድቅ ብቻ ነው።

በዚህ ዓይነት በመጀመሪያ ያሳየሁት የዋይልደርን «ድርብ ካሣ» (1944) ነበር፤ አልተሳካም። ታሪኩ የሚነገረው ገዳዩ ለድምፅ መቅጃ መኪና በሚሰጠው ቃል ስለ ሆነ፣ እንግሊዝኛ ለማያውቅ ሰው ሁሉም ወሬ ብቻ ነው። ሕይወት ኢንሹራንስ ምን እንደ ሆነ ስገልጽ ግማሹ ሰው ወጣ። ጥፋቱ የተመልካቹ ሳይሆን የመራጩ ነበር።

በሚቀጥለው ሳምንት የካሮል ሪድን «ሦስተኛው ሰው» (1949) አቀረብሁ። ይህ የእንግሊዝ ፊልም ነው፤ ታሪኩ ከጦርነቱ በኋላ በአራት ኀያላን በተከፈለችው በቪየና ከተማ ይፈጸማል። ሃሪ ላይም የተባለ ሰው ከሆስፒታል የተሰረቀ ፔኒሲሊን እየበረዘ ይሸጣል። መድኃኒቱ የተሰጣቸው፣ የማጅራት ገትር የያዛቸው ሕፃናት ይሞታሉ ወይም አእምሯቸው ይጎዳል። በየትዕይንቱ መካከል ፊልሙን እያቆምሁ በዐማርኛ ተረክሁት።

ጥቁር ፊልም ከባድ ነው ለሚል ሰው የአብደራፊ ተመልካች መልስ ሰጥቶታል። ወሰን ላይ ለሚኖር ሰው የተከፋፈለ ከተማ፣ የኬላ ፍተሻና ኮንትሮባንድ እንግዳ ነገር አይደለም። ከሁሉ በላይ ግን የመድኃኒትን ነገር ያውቃል። በዚህ ቆላ በአሸዋ ዝንብ የሚተላለፈው ካላዛር የተባለ በሽታ አለ፤ ካልታከሙት ብዙውን ጊዜ ይገድላል። የተለመደው ሕክምና ለ17 ቀን በየዕለቱ የሚሰጥ መርፌ ነው። ድንበር የለሽ ሐኪሞች የተባሉት በአብደራፊ ለብዙ ዓመታት ይህን በሽታ ሲያክሙ ቆይተዋል።

በፊልሙ ውስጥ የሃሪ ወዳጅ ወደ ሕፃናቱ ክፍል ሲገባ ዲሬክተሩ ሕፃናቱን አያሳየንም። የሚያሳየን የሰውዬውን ፊት፣ በኋላም አንዲት አስታማሚ የምትጥለውን የልጅ አሻንጉሊት ብቻ ነው። እዚህ ላይ ትረካዬን አቋረጥሁ፤ የሚያስፈልግ አልነበረም። ካላዛር ታምሞ የዳነ አንድ ሠራተኛ፣ «የእኔን መርፌ እንዲህ ቢያደርጉት ኖሮ ማን ያውቅ ነበር? ልጁ ሞተ ብለው ይቀብሩኝ ነበር» አለ። ስለ ፊልሙ ብዙ ያነበብሁ ቢሆንም፣ ወንጀሉ ክፉ የሚሆነው ስለማይታይ መሆኑን ያስተዋልሁት ከዚህ ሰው ነው። ያልታየውን ሕፃን በአሻንጉሊት ማሳየትም ከድምፅ አልባው ፊልም የመጣ ብልሃት ነው።

ስለ አገራችን የጥቁርና ነጭ ፊልም

በአገራችን «ሂሩት አባቷ ማነው» የተባለው ረጅም ፊልም በ1957 ዓ.ም. በጥቁርና ነጭ ተሠርቷል። ለዚህ ምርመራ ይበልጥ የሚስማማው ግን የጎንደር ተወላጅ የሆነው ኃይሌ ገሪማ ያዘጋጀው «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» ነው። በ1966 ዓ.ም. የለውጡ ነውጥ በተነሣበት ወቅት በጥቂት ሳምንት ውስጥ የተነሣና በ1976 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር የወጣ ሲሆን፣ ሁለት ሰዓት ተኩል ያህል ይፈጃል። ታሪኩ በባላባት መሬት ላይ ስለሚደክም አንድ የገበሬ ቤተ ሰብ ነው። ባላባቱ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ያዝዛል፤ ገበሬው ከንጋት እስከ ማታ ያርሳል።

ይህን ፊልም በመጨረሻው ሳምንት አሳየሁ። አካሄዱ ቀስ ያለ ስለ ሆነ ብዙ ሰው ተነሥቶ ሄደ፤ እስከ መጨረሻው የቆዩት ስምንት ነበሩ። ከእነርሱ አንዱ፣ «ይኸ ሰውዬ የእኛን ካምፕ አይቷል እንዴ?» ብሎ ጠየቀ። ፊልሙ እርሱ ሳይወለድ የተሠራ መሆኑን ስነግረው ጥቂት ዝም ብሎ፣ «እንግዲያው ወንበሩ ብቻ ነው የተለወጠው» አለ። ይህን አባባል ትክክል ነው ወይም አይደለም ብሎ መፍረድ የዚህ ጽሑፍ ሥራ አይደለም፤ የድሮ ፊልም ዛሬ የሚያናግር መሆኑን ግን ያስረዳል።

ለተመልካች የሚሆን ምክር

ከዚህ በላይ ከተገለጸው የሚከተለውን ማውጣት ይቻላል። አንደኛ፣ የድሮ ፊልም ለመልመድ ከአስቂኙ ድምፅ አልባ ፊልም መጀመር ይሻላል፤ ቻፕሊን ወይም በስተር ኪተን ለዚህ ይመቻሉ። ሁለተኛ፣ ፍጥነቱ የተስተካከለና ሥዕሉ የጠራ ቅጂ ይመረጥ። ሦስተኛ፣ ከብዙ ሰው ጋር ይታይ፤ ከመካከላቸው ተራኪ ቢነሣ አይከልከል። አራተኛ፣ ከጥቁር ፊልም በቃል ሳይሆን በጥላና በፊት የሚናገረው ይቅደም። አምስተኛ፣ ተመልካቹ መጀመሪያ ታሪኩን፣ በሁለተኛው ጊዜ መብራቱ ከየት እንደሚመጣና ካሜራው ምን እንደ ደበቀ ይመልከት።

ይህ ሥራ አጣዳፊነትም አለው። የጥንቱ ፊልም የሚነሣበት ናይትሬት የተባለው ነገር በቀላሉ የሚቃጠልና በራሱም እየበሰበሰ የሚጠፋ ስለ ነበር፣ በድምፅ አልባው ዘመን ከተሠሩት ፊልሞች አብዛኞቹ ዛሬ የሉም። ሆኖም ከላንግ «ሜትሮፖሊስ» (1927) የጠፋው ብዙ ክፍል በ2008 በቦነስ አይረስ ተገኝቷል። በጎንደር ሲኒማ ቤት ፊልም ያዩ ሽማግሌዎችም ትዝታቸው አብሯቸው ሳይቀበር፣ ከተማሪዎች አንዱ ሄዶ ጠይቆ ቢጽፈው መልካም ነው።

ትምህርት ቤት ለመመለስ ስነሣ የቪዲዮ ቤቱን ባለቤት ልሰናበት ገባሁ። ዝናቡ ገና አላባራም ነበር። «በደህና ግባ ልጄ» ካለኝ በኋላ፣ «ያንን ጫማ የሚበላውን ሰውዬ ፍላሹን ትተህልኝ ሂድ፤ ሰዎቹ ይጠይቁኛል» አለኝ። ትቼለት ሄድሁ።